መርዶ አልጠብቅም

ስለ የወይንሐረግ የሚወራውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ጄኔቭ ያሉት «አብዳለች» ይላሉ። ዙሪክ ያለነው ደግሞ ጨዋ ነን ስለምንል «ትንሽ ተለውጣለች» እንላለን። ትርጉሙ አንድ ነው። የማርያም ማኅበር አንድ ቀን ያልቀረች፣ ሰው ሲወልድ ገንፎ፣ ሰው ሲሞት ንፍሮ ይዛ የምትደርስ ሴት በጡረታዋ ማግስት ቤቷን ለቀቀች፣ ጎማ ያለው ቤት ገዛች፣ ጣሪያው ላይ ዲሽ ሰቀለች። ሐበሻ ከዚህ በላይ ምን ወሬ ይፈልጋል? እኔ ዙሪክ ላንግሽትራሰ የሚሉት ጎዳና ላይ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ፤ ወሬው ሁሉ በሱቄ በኩል ነው የሚያልፈው። ደግሞም እኩያዋ ነኝ፣ አንቱ ብላት ትሰድበኛለች። ስለዚህ እንደማውቃት እነግራችኋለሁ፤ አላበደችም።

አዲስ አበባ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ታዛቢ ሆና ተቀመጠች፤ ከምርጫው በኋላ በመጣው ግርግር ደግሞ ታሰረች። ያየሽውን አላየሁም በይ ሲሏት አየሁ አለች። ስትፈታ ብዙ አልቆየችም፣ ልጇን አቤልን ለታላቅ እህቷ ለኂሩት ጥላ አገር ለቀቀች። አቤል ያኔ የወተት ጥርሱ ገና አልወለቀም ነበር። እናቱ ዘንድ እስኪመጣ ድረስ ያሳደገችው ኂሩት ናት። ፊደል ያስቆጠረችው፣ ኩፍኝ ሲይዘው አብራው ያደረችው፣ ሲያጠፋም የቆነጠጠችው እሷው ናት።

የወይንሐረግ ጄኔቭ ገብታ ፓኪ የሚሉት ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ዝናብ ይሁን ፀሐይ ለማወቅ ታች መውረድ ነበረባት። የአረጋውያን ቤት ውስጥ ሥራ አገኘች፤ ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ስታጎርስ ኖረች። የያዘችው ፈቃድ ኤፍ የሚሉት ነበር፤ ከስዊስ ንቅንቅ የማያደርግ።

በዚያ ጊዜ አባቷ አዲስ አበባ ላይ ሞቱ። ዘመዶቿ እንደ ደንቡ ለማኅበሩ ሰዎች ደወሉ፣ የማኅበሩ ሰዎችም ተሰብስበው መከሩ። «ብቻዋን ናት፤ ልጇም አልመጣላት፤ ፈቃዱንም እየጠበቀች ነው፤ ትንሽ ትረጋጋ» ተባለ። ትንሽ የተባለው የአባቷ ሰማንያ እስኪወጣ ነበር። የወይንሐረግ በየእሑዱ ትደውላለች። «አባባስ?» ትላለች። «ተኝቷል» ይሏታል። መቼም አልዋሹም። ብርዱ ሳይመጣ ብላ ካፖርት ገዛች፣ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ላከች። ደረሰ፣ ልኩ ነው አሏት። ለሞተ ሰው ካፖርት ልካ ልኩ ነው ተባለች። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሥርዓቱን የማያውቅ የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለብቸኛ ሰው አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚረዳው። ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እንዳያጣ ነውና ደግ ሥርዓት ነው። እኛ ግን ወደዚህ ስንመጣ ደግነቱን ይዘን ልኩን ጣልነው። አገር ቤት የሚደበቀው ለአንድ ሌሊት ነው። እዚህ ግን ቅዳሜ እስኪደርስ፣ ሰው ከሥራ እስኪያርፍ፣ ልጁ ፈተናውን እስኪጨርስ፣ ጉዳዩ እስኪወሰን እንደብቃለን። የሰውን ሞት እንደ አስቤዛ ፍሪጅ ውስጥ እናቆየዋለን።

የአባቷን መርዶ በነገሯት ጠዋት አላለቀሰችም ይላሉ። ዙሪያዋን አየች፣ «መቼ?» አለች፣ ነገሯት። በየእሑዱ ያናገረቻቸውን ሰዎች በጣቷ ቆጠረች። «ከእንግዲህ የማለቅስበትን ቀን ሌላ ሰው አይመርጥልኝም» አለች። ሐዘን ነው፣ ያልፍላታል አሉ። አላለፈላትም፤ ባያልፍላትም ደግ አደረገች።

ጡረታ እንደወጣች ከአንድ ሽማግሌ ስዊስ ላይ ያንን መኪና ገዛች፤ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያ አለው። ጄኔቮች ካምፒንግ ካር ይሉታል፣ እኛ ዙሪኮች ቮንሞቢል እንለዋለን። የማኅበሩ ሴቶች «የኖኅ መርከብ» አሉት። «እንስሳቱስ የት አሉ?» ቢሏት፣ «እናንተን ልጭን ነበር፣ ቦታ ጠበበኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ መርከብ ያነሳ የለም።

ቀጥሎ ዲሹ መጣ። ድሮ በየጣሪያችን ላይ እንደነበረው ጎድጓዳ ሳህን አይደለም። ጠፍጣፋ ነው፣ ነጭ ነው፣ ከተማሪ ቦርሳ አይበልጥም፤ ኢንተርኔቱን ከሳተላይት ነው የሚቀበለው። አቤል አሁን ኮምፒውተር ተምሮ ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን የሚኖር ጎልማሳ ነው፤ ሊያስጥላት ሞክሮ ነበር።

«እማዬ፣ በየመንደሩ ኔትወርክ አለ እኮ። ስልክሽ ላይ ዳታ ላስገባልሽ።»

«እኔ የምሄደው መንደር ወደሌለበት ነው።»

«እሺ በእኔ ስም ላውጣውና እኔ ልቆጣጠረው።»

«በስሜ!» አለችው። በስሟ ወጣ።

ዲሹ አመለኛ ነው። ዛፍ አይወድም፣ ገደል አይወድም፣ ባትሪ እንደ ጉድ ይበላል። ለእሱ ሲባል ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ አስገጠመች። የትም ቦታ ከማቆሟ በፊት ስልኳን ወደ ላይ አንስታ እንደ ጸበልተኛ ዙሪያዋን ትዞራለች፤ ስልኩ ሰማዩ የትጋ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው ዛፍ እንደጋረደ ያሳያታል። ሌላው ሰው መኪናውን ጥላ ሥር ሲያቆም እሷ ፀሐይ ላይ ታቆማለች። «ይህ ዕቃ እንደ እኔ ነው፣» ትላለች፣ «ሰማይ ካላየ አይሠራም። ፓኪ ግድግዳ ሳይ ኖሬ ምን ሠራሁ?»

ይህ ሁሉ ለኂሩት ነው። ኂሩት ኩላሊቷ ደክሞ እጥበት ላይ ነበረች። በእጥበቷ ቀን የወይንሐረግ የትም ትሁን የት መኪናዋን ታቆማለች፣ ዲሹን ታበራለች፣ እህቷ እስክትጨርስ አብራት ትቀመጣለች። እዚያ ያሉት ነርሶች ሳይቀሩ ለምደዋት «ስዊስ ገባች» ይላሉ። ሁለቱ ሴቶች ግን ፍቅራቸው ጭቅጭቅ ነው።

«ዛሬ ደግሞ የት ነው የተጎለትሽው?»

«ተራራ ላይ።»

«እስቲ ላሞቹን አሳዪኝ። ወይ ጉድ፣ እነዚህ ከእኔ ይሻላሉ። ላሞቹ አላዋረዱሽም?»

ፓስፖርት ካገኘች በኋላ የወይንሐረግ እየሄደች ጠይቃታለች። ኂሩት ግን ሞኝ አልነበረችም። ለሞት ጊዜ አውሮፕላን እንደማያደርስ ታውቃለች፤ እኛ አገር ዛሬ የሞተ ነገ ይቀበራል። አንድ ቀን ማሽኑ ላይ ተጋድማ እንዲህ አለቻት።

«የወይን፣ እኔ ስሞት እነዚያ ሰዎች ይደብቁሻል።»

«አይደብቁኝም።»

«ልጄ ዮሐና ስልክ ይዛ ትቆማለች፣ ነግሬያታለሁ። አንቺም እዚያው ካለሽበት ቆመሽ ሸኚኝ። አባባን ያለ አንቺ ቀበርኩት። እኔን ግን ያለ አንቺ እንዳይቀብሩኝ።»

«እቆማለሁ» አለች የወይንሐረግ። ቃሉ ይህ ነው። ወሬኛው ሁሉ ስለ ዲሹ ሲያወራ የሚረሳው ይህንን ነው።

ባለፈው ሐምሌ ሕብስት እረፍት ወጥታ ጄኔቭ ሄደች። ሕብስት ዋሊሰለን የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ጫማ ትሸጣለች። ልቧ ደግ ነው፣ አፏ ግን በር የለውም፤ እኛ ሬዲዮ እንላታለን። ስትመለስ የወይንሐረግም ወደ ልጇ ልትሄድ ስለነበር በእሷ መኪና አብረው ወጡ። አውራ ጎዳናውን ትተው ቫሌ በሚባለው ክልል በኩል፣ በተራራው መንገድ፣ ቀስ እያሉ ዙሪክ ሊገቡ ነው። ከጄኔቭ በወጡ በማግስቱ፣ ሐሙስ ቀን ነበር።

ከተራራው ሥር ባለችው የመጨረሻ ከተማ የወይንሐረግ ናፍጣ ልትቀዳ ወረደች፤ የሕብስት ስልክ ጮኸ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ናቸው። ጋሽ ሀብተሥላሴ የዙሪክ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። አንደበተ ርቱዕ ሽማግሌ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ዙሪክ ውስጥ መርዶ አይነገርም።

«ሕብስት፣ አጠገብሽ ናት?»

«ናፍጣ እየቀዳች ነው።»

«ኂሩት ዛሬ ጠዋት አርፋለች። ነገ ስድስት ሰዓት ቀብር ነው። ትንፍሽ እንዳትዪ። ነገ ማታ አቤል ቤት አድርሺልን። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም እንመጣለን፤ ሰዉም ሥራ አይገባም።»

«ጋሽዬ፣ ቀብሩ ነገ ከሆነ ታዲያ…»

«ቀብሩ ያለ እሷም ይፈጸማል። ሴትዮዋ ብቻዋን ገደል አፋፍ ላይ መርዶ ትስማ ነው የምትዪው? ያንን ዲሽ ብቻ አጥፊልኝ።»

ሕብስት ምን ታድርግ? ሽማግሌ አዘዛት። ደግሞ የተነገራት ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ልክ ነው ተብሎ ያደገችበት ነው። «በአውራ ጎዳናው ብንሄድ አይሻልም?» ብላ ሞከረች። የወይንሐረግ «ምን አሳደደሽ?» ብላ መሪዋን ወደ ተራራው አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ስሙን ካርታ ላይ በአጉሊ መነጽር የሚፈልጉት አንድ ሸለቆ ገብተው ቆሙ። የስልክ ኔትወርክ የሚባል የለም። የወይንሐረግ ውኃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ስትወርድ ሕብስት የዲሹን የኃይል ገመድ ነቀለች፣ ጠቀለለች፣ የት ላድርገው ብላ ዞር ዞር አለች፣ ሽሮው ጣሳ ውስጥ ቀበረችው።

ቀኑ ኂሩት እጥበት የምትሄድበት ቀን ነበር። የወይንሐረግ ተመልሳ ስልኳን አነሳች። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም። ጣሪያው ላይ ወጣች፣ ዲሹን ነካካች፣ ወረደች፣ ከመቀመጫው ሥር አየች። ገመዱ የለም።

«ጄኔቭ ረስተሽው ይሆናል» አለች ሕብስት።

«ትናንት ማታ ታዲያ በምን አወራሁ?»

ሕብስት ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ማንም ሽንኩርት ክተፊ አላላትም። ከጄኔቭ ጀምሮ ስለ ጫማ ደንበኞቿ፣ ስለ አለቃዋ፣ ስለ ጉልበቷ ስትለፈልፍ የመጣች ሴት ድንገት ዝም አለች። ቢላዋው ብቻ ቋ ቋ ይላል። ከዚያ ደግሞ እንዲህ አለች፦

«ኂሩት እንደሆነች ደህና ናት፣ አታስቢ።»

«ስለ ኂሩት ማን ጠየቀሽ?»

ቢላዋው ቆመ።

«ሕብስት፣ ቀና በዪ። እዪኝ።»

አላየቻትም። «እትዬ፣ እኔ ብቻዬን አልናገርም» አለች። «ነውር ነው። ሰው የለ፣ ዘመድ የለ። ሲነጋ… ዙሪክ ስንገባ…»

«አንቺ አትናገሪ» አለች የወይንሐረግ። «እኔ ልንገርሽ። እህቴ ኂሩት ሞታለች። ሰማሽ? በዪ አልቅሺ።»

መርዶ ነጋሪዋ ተረዳች። ሕብስት ያንን ሽንኩርት እንደያዘች ጮኸች፣ የወይንሐረግም መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጣ «ወይኔ እህቴ! ልጄን ያሳደግሽልኝ!» እያለች ደረቷን መታች። ሸለቆው ውስጥ ከላሞች በቀር የሰማቸው የለም። ያ ሁሉ ሽማግሌ የፈራው ብቸኝነት እንግዲህ ይህ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ።

ከዚያ የወይንሐረግ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ ስድስት ሰዓት።»

«ገመዱስ?»

«ሽሮው ውስጥ።»

«ምን?»

«ጣሳው ውስጥ ነው፣ እትዬ።»

ጣሳውን ከፍታ ገመዱን መዘዘችው፤ ሽሮው እንደ አቧራ ቦነነ። በዚያ ሐዘን መሐል ሳቅ አመለጣት። «የኂሩት አምላክ ያሳይሽ፣» አለች፣ «ሬሳ ያለበትን ቤት ሽሮ በሽሮ አደረግሽው።» ገመዱን ጠርጋ ሰካችው። ዲሹ ሰማዩን ሲፈልግ ቆየ፣ ከዚያ የዮሐና መልእክቶች ተንጋግተው ገቡ። አክስቴ የት ነሽ። አክስቴ አንሺው። አክስቴ ስልክሽን ክፈቺ፣ እማዬ አደራ ብላኛለች።

ደወሉላት፤ ግን ሸለቆው ጠባብ ነው፣ ሁለቱም ወገን ገደል ነው። ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆረጣል፣ ለቅሶው ተቆራርጦ ይመጣል። የወይንሐረግ ስልኳን አንስታ ዞረች። ሰማዩ እዚህ አይበቃም። «ነገ እላይ እንወጣለን» አለች።

አርብ ጠዋት ወጡ። ከመንገዱ በላይ ከብት የሚግጥበት ሰፊ መስክ አለ፤ መኪና ማቆም ክልክል ነው የሚል ምልክትም አለ። ምልክቱን አየችው፣ አልፋው ሄደች። ከመስኩ መሐል ቆመች። በዙሪያዋ ዛፍ የለም፣ ከላይዋ ሰማይ ብቻ ነው። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ቆመች። ሕብስት ስልኩን ይዛላት ከጎኗ ቆመች፤ እሷም አዘቅዝቃለች።

አዲስ አበባ ላይ ዮሐና ስልኩን ከፍ አድርጋ ሬሳውን ተከትላ ወደ መቃብሩ ስትቀርብ አንድ የወንድ ድምፅ ተቆጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ለቅሶ ነው ወይስ ቲክቶክ? አውርጂው!»

ስልኩ ዝቅ ሲል ለየወይንሐረግ የታያት የሰው ጫማ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ከስዊስ ተራራ ላይ እንዲህ ጮኸች፦

«እንዳታወርጂው! እህቷ ነኝ! ቆሜያለሁ፣ አትቅበሩብኝ!»

ድምፁ ከየት እንደመጣ ሰው ዞር ዞር ብሎ ፈለገ። አንዲት አሮጊት «የወይንሐረግ ናት። ወዲህ አቅርቢያት፣ እህት ከኋላ አትቆምም» አሉ። መንገድ ተለቀቀ። ዮሐና እስከ ጉድጓዱ አፋፍ አደረሰቻት፣ የወይንሐረግም ከፊት ቆመች። ፍትሐቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማች። ዲሹ አንድ ቃል አልቆረጠም።

መሐል ላይ አንድ የመስኩ ጠባቂ በትንሽ መኪና እየተንጓጓ መጣ። በጀርመንኛ መቆጣት ሲጀምር የወይንሐረግ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል «ቀብር ላይ ነኝ በዪው። ከፈለገ ይጠብቅ» አለች። ሕብስት ነገረችው። «ቤርዲጉንግ» አለች፣ ቀብር ማለት ነው። ሰውዬው አላመናትም፤ ቀረብ ብሎ ስልኩን አየ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ቀሳውስት፣ አፈር። ወደ መኪናው ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ፣ ኮፍያውን አውልቆ እዚያው ቆመ። እስኪያልቅ አልሄደም።

እዚያ አፈር ማልበስ ሲጀምሩ የወይንሐረግ ጎንበስ አለች። ሣሩን ነቅላ ከሥሩ ያለውን አፈር በእፍኟ አነሳች፣ ወደፊት በተነችው። «አፈሩ ይቅለልሽ» አለች። «ቆሜያለሁ ኂሩትዬ። አይተሻል? ቆሜያለሁ።»

ማታ ዋሊሰለን ገቡ። አቤል በሩን ሲከፍት ዓይኑ ደም መስሏል።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለ።

የወይንሐረግ ልጇን ትክ ብላ አየችው። ሁለት ቀን ሙሉ ያሳደገችውን ሴት ሞት አፍኖ ይዟል። ለእናቱ ሲል፣ ለደንቡ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ዝም በል ስላሉት። አንገቱን ሳብ አድርጋ ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈችው።

«አልቅስላት ልጄ። ፊደል ያስቆጠረችህ ናት። ማንን ፈርተህ ነው?»

አቤል ያን ጊዜ ፈነዳ። «እማዬ፣ አይተሻታል?» አላት በመጨረሻ። «ቀብሬያት መጣሁ» አለችው። ጥቂት ቆይቶ ስልኩን አነሳ። «ጋሽ ሀብተሥላሴን ነገ አትምጡ ልበላቸው?»

«ለምን? ይምጡ እንጂ። መምጣታቸውን ማን ጠላ?»

እኔን ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ቀሰቀሱኝ። ማን እንደሞተ የነገሩኝ እንኳ የአቤል ቤት ደረጃ ላይ ነው። ጥቁር ለብሰን፣ እየተንሾካሾክን፣ አንዱ የሌላውን እግር እየረገጠ ወጣን። ጋሽ ሀብተሥላሴ ከፊት ናቸው፤ ጉሮሯቸውን እያጠሩ ንግግራቸውን ያሰናዳሉ። ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ተከፈተ። የወይንሐረግ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

«እንግዲህ የወይንሐረግ፣» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ የተሰናዳ ነገር አይቀርምና፣ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ…»

«ጋሽ ሀብቴ፣ ለቀባሪው አረዱት ሆነ እኮ። ትናንት ቆሜ ቀብሬያታለሁ። ይግቡ።»

ገብተን ተቀመጥን። ሕብስት ጥግ ላይ ሆና መሬት መሬት ታያለች። ጋሽ ሀብተሥላሴ ቅር አላቸው፣ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ለአንቺ ብለን ነው» አሉ። «ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው።»

«ሰብሰብ ብላችሁ መምጣታችሁን እግራችሁን ስሜ እቀበላለሁ። ግን የእኔን ሙት መደበቅ የእናንተ ሥልጣን አይደለም። መጀመሪያ ንገሩኝ፣ ከዚያ ቅዳሜም ኑ፣ እሑድም ኑ፣ ዓመትም ተቀመጡ።»

«ሥርዓት ነው፣ የወይንሐረግ። እኔም እንደዚሁ ነው የተደረግኩት።»

«ምን ተደረጉ?»

ሽማግሌው እጃቸውን አዩ።

«እናቴን» አሉ። «የጥገኝነት ጉዳይህ ይለቅ ብለው፣ የሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ ነው የነገሩኝ።»

ክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ስንቱን ሰው ያረዱ፣ ስንቱን «በርታ» ያሉ ሰው፣ የራሳቸውን አንድም ቀን አላወሩንም።

«አለቀሱላቸው?» አለች የወይንሐረግ።

«ዓመት ካለፈው በኋላ ማን ያለቅሳል? አፈርኩ። ሥራ ገባሁ።»

«ማን ይባላሉ?»

«አስካለማርያም።»

የወይንሐረግ ከመቀመጫዋ ተነሳች። የእህቷ ለቅሶ ቤት ነው፤ እኛ የመጣነው እሷን ልንይዝ ነው። እሷ ግን ክፍሉ መሐል ቆማ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች።

«ያልተለቀሰለት ሙት አይበርድም፣ ጋሽ ሀብቴ። ዓመቱን ማን ቆጠረው?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ለቀቀችው፦ «ወይኔ እማማ አስካለማርያም! ልጅዎ ሳይሸኝዎ የሄዱት!»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ኂሩትና አስካለማርያም፣ አንዷን በስልክ ያየናት ሌላዋን ያላየናት፣ በአንድ ለቅሶ ተለቀሰላቸው። ጋሽ ሀብተሥላሴ እንደ ልጅ አለቀሱ፣ ይበቃዎታል ያላቸውም ሰው አልነበረም።